አንድ መስመር ስጨምር ከርነሌ ለምን ይወድቃል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«ሰላም ጋሼ። ለመማሪያ ብዬ የምጽፋት ትንሽ ባለ 64 ቢት ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) አለችኝ። ግረብ የሚባለው አስነሺ ፕሮግራም ይጭናታል፣ ሜሞሪ ውስጥ 1 ሜጋባይት ላይ ትቀመጣለች። ለፔጆቹ፣ ማለትም 4096 ባይት ለሆኑት የሜሞሪ ቁራጮች፣ ፈቃድ መስጠት ከጀመርኩ ወዲህ (ኮዱ ይነበብ፣ ራን ይደረግ፤ ቋሚው ዳታ ይነበብ ብቻ) ማሽኑ ሪስታርት ሲያደርግ ይውላል። የሚገርመው አንዲት የፕሪንት መስመር ሳጠፋ ይሠራል፣ ስመልሳት ይሞታል። ሊንከር ስክሪፕቱ (የኮዱ ክፍሎች ሜሞሪ ላይ የት እንደሚቀመጡ የሚያዘው ፋይል) ላይ አላይን (አድራሻው በዚህ ቁጥር በሚካፈል ድንበር ላይ ይጀምር) ያላልኩበት ቦታ የለም። ሌላም አለ። ሦስት ድራይቨር አስመዝግቤ ከርነሉ አራት ብሎ ይቆጥራል። ኮምፓይለሩ ይሆን የተበላሸው? ስክሪፕቱንና ሊንከሩ ያወጣውን የአድራሻ ዝርዝር፣ ማፕ ፋይሉን፣ አያይዣለሁ።»

ኮምፓይለሩ ጤነኛ ነው ወንድሜ። እኔም ስንት ጊዜ «ኮምፓይለሩ ነው» ብዬ ምዬ፣ ማታ ላይ አንገቴን ደፍቼ የራሴን ኮድ አርሜአለሁ። ያንተ ችግር ሁለት ነው። ሁለቱም የአላይንመንት ናቸው፣ ግን ዘመድ አይደሉም። አንዱን ስትፈታ ሌላው አብሮ ይፈታል ብለህ አትጠብቅ።

በሪስታርቱ ልጀምር። «መስመር ስጨምር ይወድቃል፣ ሳጠፋ ይሠራል» የሚባል ነገር ሲገጥምህ መስመሯን መመርመር ተው። መስመሯ ንጹሕ ናት። የሠራችው ነገር ቢኖር ከእሷ በኋላ የተደረደረውን ኮድ ጥቂት ባይት ወደፊት መግፋት ነው። ባንተ ማፕ ፋይል ላይ ልክ 64 ባይት ገፍታለች። የምንፈልገው እንግዲህ በ64 ባይት መገፋት የሚሞተውን ነገር ነው።

ስክሪፕትህ ላይ ከቴክስት ሴክሽን (ኮዱ ካለበት ክፍል) በታች ሁለት መስመር አለ። በመጀመሪያው መስመር «የሮዳታ መጀመሪያ» ለሚባለው ሲምቦል (ለአድራሻ የተሰጠ ስም፤ ሮዳታ ቋሚው ዳታ ነው) ነጥቧን ሰጥተኸዋል። በሁለተኛው ሮዳታ ሴክሽንን ትከፍታለህ፣ እዚያው ራሱ መስመር ላይ «በ4096 አላይን ይሁን» ትላለህ። ሲያዩት ምንም አይልም። ግማሹ የኢንተርኔት ምሳሌም እንዲሁ ነው የሚጽፈው።

ነጥቧ ግን ምንድን ናት? ሊንከር ስክሪፕት ውስጥ ነጥብ ማለት እየተራመደች የምትሄድ ቆጣሪ ናት። አንድ ሴክሽን ሲቀመጥ በመጠኑ ልክ ትራመዳለች። አላይን ስትላት ወደሚቀጥለው ድንበር ትዘላለች። ሲምቦል ስትሰጣት ደግሞ ሲምቦሉ ያን ጊዜ የቆመችበትን ቁጥር ይዞ ይቀራል። በኋላ ብትዘልም አይከተላትም። አንተ ያደረግኸው የድንበሩን ድንጋይ መጀመሪያ ተክለህ፣ ገመዱን ከዚያ በኋላ መዘርጋት ነው። ድንጋዩ የጎረቤት ማሳ ውስጥ ቀረ።

ቁጥሩን ከማፕ ፋይልህ እንይ። አድራሻዎቹ ሁሉ በሄክስ (በ16 መሠረት) ናቸው፣ 4096 በሄክስ 1000 ነው። ቴክስት 101000 ላይ ይጀምርና 103640 ላይ ያልቃል። ሮዳታ አላይን ስለተባለ ወደሚቀጥለው ፔጅ ዘሎ 104000 ላይ ይጀምራል። ሲምቦልህ ግን የሮዳታ መጀመሪያ 103640 ነው ይላል። ፈቃድ የሚሰጠው ኮድህ ይህን ቁጥር ወስዶ ወደ ታች ያጠጋጋዋል። ማጠጋጋቱ ልክ ነው፣ ፔጅ በግማሽ ፈቃድ አይሰጠውም። 103640 ሲጠጋጋ 103000 ይሆናል። ኮድህ መጀመሪያ ለቴክስት «ራን ይደረግ» ይላል። ቀጥሎ ለሮዳታ «ይነበብ እንጂ ራን አይደረግ» ሲል 103000 ላይ ያለውን ፔጅ አብሮ ይሽረዋል። እዚያ ፔጅ ላይ የቴክስት የመጨረሻ 1600 ባይት (በሄክስ 640) አለ። የገዛ ኮድህን መጨረሻ ራን እንዳይደረግ ከልክለኸዋል ማለት ነው።

ታዲያ ያለ ፕሪንቷ ለምን ሠራ? አጋጣሚ ነው። ያኔም 103000 ፔጅ ተከልክሎ ነበር። ግን እዚያ የነበረው ኮድ በማስነሻ ሰዓት የሚጠራው የለም፦ የኪቦርዱ፣ የፓኒኩ፣ የኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን አቋርጦ የሚጠራ ምልክት) መቀበያዎቹ። ገና ኢንተራፕት ስላልከፈትህ አንዳቸውም አልተነኩም። ሜሞሪ የሚያድለው ፋንክሽንህ ደግሞ ከ103000 ጥቂት ባይት ቀደም ብሎ ያልቅ ነበር። 64 ባይት ሲገፋ ጅራቱ ድንበሩን ተሻገረ። ፔጂንግ ካበራህ በኋላ መጀመሪያ የምትጠራው እሱን ነው። ግማሹን ሮጦ ጅራቱ ላይ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ፔጅ ፎልት (ያልተፈቀደ ፔጅ ተነካ የሚል ስህተት) ይላል፣ ቁጥር 14። የፔጅ ፎልት መቀበያህም እዚያው የተከለከለው ፔጅ ላይ ነው። የመቀበያው የመጀመሪያ ትእዛዝ ላይ ሌላ ፔጅ ፎልት፣ በእሱም ላይ ሌላ፣ ስታኩ እስኪያልቅ ድረስ፤ ስታኩ ሲያልቅ ደብል ፎልት ይመጣል፣ ለእሱም የቀረ ስታክ የለም። ደብል ፎልቱም ሲከሽፍ ፕሮሰሰሩ ተስፋ ይቆርጥና ማሽኑ ሪስታርት ያደርጋል። አንዲት የስህተት መልእክት ያላየኸው ለዚህ ነው። መልእክቱን የሚጽፈው ኮድ ራሱ ታስሯል።

አትመነኝ፣ ራስህ እየው። ኪውኢሙን (ማሽን የሚያስመስለውን ፕሮግራም) «ኖ ሪቡት» ብለህ፣ ኢንተራፕቶቹን በሎግ እንዲጽፍልህ አድርገህ አስነሳው። ኬቪኤም (ኮዱን በቀጥታ በፕሮሰሰሩ ላይ የሚያስኬደውን ማፍጠኛ) አጥፋ፣ እሱ ካለ ሎጉ አይመጣም። መጀመሪያ የሚታየው ፎልት የስህተት ኮዱ በሄክስ 11 ይሆናል። ሁለት ቢት በርቷል ማለት ነው፦ ቢት 0 «ፔጁ አለ፣ ፈቃድ ግን የለም» ነው። ቢት 4 «የመጣሁት ትእዛዝ ላነብ ነው» ነው። አድራሻው 103000 ወይም ከዚያ ጥቂት ባይት አለፍ ያለ ነው። አድራሻው በሦስት ዜሮ ሲያልቅ ሁሌም ጆሮህን አቁም፤ ልክ የፔጅ አፍ ላይ የሚሞት ኮድ አብዛኛውን ጊዜ የድንበር ጠብ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይኼኛው ድምፅ የለውም። የዳታ መጀመሪያ የሚለው ሲምቦልህም ያው በሽታ አለበት። 104920 ይላል፣ ዳታው ግን 105000 ላይ ነው። ሲጠጋጋ 104000 ይሆንና ያ ፔጅ «ይጻፍበት» ይባላል። ሮዳታህ በሙሉ ያለው እሱ ፔጅ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ሁሉ የለፋህበት «ቋሚ ዳታ ይነበብ ብቻ» የሚለው ጥበቃ አንድም ቀን ሠርቶ አያውቅም። ክራሽ የለም፣ ምልክት የለም። የሚጮኸው ስህተት ባይኖር ኖሮ ይኼን ሳታውቀው ዓመት ትኖር ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሲምቦሉን ከሴክሽኑ ቅንፍ ውጭ አትጻፈው። ቅንፉ ውስጥ አስገባውና የመጀመሪያው መስመር አድርገው። ቅንፉ የሚከፈተው አላይኑ ከተፈጸመ በኋላ ስለሆነ ሲምቦሉ 104000ን ይይዛል። የመጨረሻውንም እንዲሁ አድርግ። ከመዝጊያው ቅንፍ በፊት መጀመሪያ ነጥቧን በ4096 አላይን አድርግ፣ ከዚያ «የቴክስት መጨረሻ» ብለህ ስጣት። ያኔ ከኮዱ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ የቴክስት ንብረት ይሆናል፣ መሃል ገብቶ የሚቀመጥበት አይኖርም።

«አላይኑን ብቻ ከሲምቦሉ በላይ ባወጣውስ?» ትል ይሆናል። ይሠራል፣ ዛሬ። ነገ ግን ስክሪፕትህ ላይ ስሙን ያልጠራኸው ሴክሽን ይመጣል። ኮምፓይለሩ ያወጣው የኤክሴፕሽን ሠንጠረዥ ሊሆን ይችላል፣ የቢልድ መለያ ኖት ሊሆን ይችላል፣ ወይም እያንዳንዱን ቫሪያብል በየራሱ ሴክሽን አድርግ ስላልከው የተፈጠረ። ሊንከሩ እነዚህን «ወላጅ የሌላቸው» ይላቸዋል፣ ደስ ያለው ቦታም ይሰካቸዋል። ደስ ያለው ቦታ ሲምቦልህና ሴክሽንህ መሃል ሊሆን ይችላል። የሊንከሩ መመሪያ ራሱ ይህን ያስጠነቅቃል። ቅንፍ ውስጥ ላለ ሲምቦል ይህ አይደርስበትም፣ ከሴክሽኑ ጋር ይሄዳል። በተጨማሪ «ወላጅ የሌለው ካገኘህ ስህተት በል» የሚለውን የሊንከር አማራጭ አብራው። የሊኑክስ ከርነል እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 5.10 ጀምሮ በዋና ዋናዎቹ አርክቴክቸሮች ላይ ቢያንስ ማስጠንቀቂያውን ያበራል። አንተም አብራ። መጀመሪያ ቀን ያናድድሃል፣ ከዚያ ትለምደዋለህ።

አሁን «አላይን ያላልኩበት ቦታ የለም» ወዳልከው። አየሁት፣ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። አላይን እንደ በርበሬ የሚነሰነስ ነገር አይደለም። እያንዳንዷ አላይን ጠያቂ ሊኖራት ይገባል። ማን ነው የጠየቀው? ፕሮሰሰሩ ከሆነ ቁጥሩ ይታወቃል። ፔጅ ቴብል (የፔጆቹ ፈቃድ የሚጻፍበት ሠንጠረዥ) 4096 ነው፣ ምክንያቱም አድራሻውን የሚይዘው የፕሮሰሰሩ ሬጅስተር ሲአር3 የታችኞቹን 12 ቢቶች ለአድራሻ አያያቸውም። ፔጅ ቴብልህ 100 ባይት ቢያፈነግጥ ስህተት አይልህም፣ ሌላ ቦታ ነው የሚያነበው። ስታክ ሲሆን 16 ነው፣ ፋንክሽን ሲጠራ። ያ ሲጠፋ ኮምፓይለሩ የጻፈው የ16 ባይት ማንቀሳቀሻ ትእዛዝ ላይ ቁጥር 13 ፎልት ይመጣል፣ ሰውም አድራሻው ትክክል ነው እያለ ቀኑን ሙሉ ሲያፈጥ ይውላል። ጠያቂው የራስህ ኮድ ከሆነ ደግሞ የራስህን ኮድ ሂድና አንብብ።

ይህን የምልህ ስለተቃጠልኩ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቢኤስኤስን (ከዜሮ የሚጀምሩ ቫሪያብሎች የሚቀመጡበትን ሴክሽን) ዜሮ የሚያደርግ ሉፕ ጽፌ ነበር። ከመጀመሪያው ተነስቶ 8 ባይት 8 ባይት እየረገጠ፣ ከመጨረሻው ጋር እኩል እስኪሆን። ለወራት ሠራ። አንድ ቀን ባልደረባዬ የአንድ ባይት ፍላግ ጨመረ፣ እውነት ወይ ሐሰት የሚል ነገር። የቢኤስኤስ መጨረሻ በ8 የማይካፈል ቁጥር ሆነ። ሉፑ መጨረሻውን ዘሎት አለፈ፣ እኩል የሚሆንበት ጊዜ አልመጣም፣ ያገኘውን ሁሉ ዜሮ እያደረገ ሄደ። ሁለት ሌሊት የባልደረባዬን ፍላግ ስመረምር አደርኩ። መፍትሔው ከመጨረሻው ሲምቦል በፊት አንዲት የ8 አላይን ነበረች፣ ሉፑ ላይ ደግሞ «እኩል እስኪሆን» የሚለውን «እስካነሰ ድረስ» ማለት። ልጁን ቡና ጋበዝኩት።

ሦስተኛ ጠያቂ ፋይሉ ነው። ይኼን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኤልፍ ፋይል (ሊንከሩ የሚያወጣው የፕሮግራም ፋይል) ውስጥ ለሚጫን ሴግመንት (አብሮ ወደ ሜሞሪ ለሚገባ ክፍል) ሕግ አለ፦ ፋይሉ ውስጥ ያለበት ቦታና የሚቀመጥበት አድራሻ ለሴግመንቱ አላይንመንት ሲካፈሉ ቀሪያቸው እኩል መሆን አለበት። አንተ ላይ ገና አልደረሰም፣ ግን ማሽን ስትቀይር ሊደርስ ስለሚችል ልንገርህ። የቆዩ የ64 ቢት ሊንከሮች ከፍተኛውን የፔጅ መጠን 2 ሜጋባይት ብለው ይወስዳሉ። ከርነልህ 1 ሜጋባይት ላይ ነው። 1 ሜጋባይት ለ2 ሜጋባይት ሲካፈል ቀሪው 1 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ ሊንከሩ ሕጉን ለማክበር ሲል ኮድህን ፋይሉ ውስጥ 1 ሜጋባይት ርቀት ላይ ያስቀምጠዋል፣ ፊቱን በባዶ ሞልቶ። ግረብ ደግሞ የመልቲቡት ራስጌን (ፋይሉ ከርነል መሆኑን የሚያውቅበትን መለያ) የሚፈልገው በፋይሉ የመጀመሪያ 8192 ባይት ውስጥ ነው፣ በመልቲቡት 2 ከሆነ 32768። አያገኘውም። «መልቲቡት ራስጌ የለም» ይልሃል። አንተ ደግሞ ራስጌውን እያየኸው ነው። ፋይሉ በድንገት ከ1 ሜጋባይት በላይ ሆኖ ካገኘኸው ይኼ ነው። ማክስ ፔጅ ሳይዝን 4096 በለው፣ ያበቃል። ሰዎች «ኤን» የምትለዋን ፍላግ ይሰጣሉ፣ እሷም ትሠራለች፣ ግን የፔጅ አላይንመንቱን ጭራሽ ስለምታጠፋ እኔ አልወዳትም። ራስጌው በራሱ ሴክሽን ይሁን፣ ከሁሉም ይቅደም። በ4 አላይን ይሁን፣ በመልቲቡት 2 በ8። ሊንከሩ ማንም አይጠቀምበትም ብሎ እንዳይጥለው ደግሞ «ኪፕ» በለው።

ወደ ድራይቨሮቹ። ሦስቱን አራት ብሎ የሚቆጥረው ከርነል የሒሳብ ችግር የለበትም። ድራይቨር ስትራክቸርህ 40 ባይት ነው። እያንዳንዱን በየፋይሉ ጽፈህ አንድ ሴክሽን ውስጥ አስገብተሃቸዋል። ከዚያ መጨረሻ ሲቀነስ መጀመሪያ፣ ለ40 ሲካፈል፣ ብለህ ትቆጥራለህ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ጂሲሲ (ኮምፓይለሩ) በዚህ አርክቴክቸር 32 ባይትና ከዚያ በላይ የሆነ ስትራክቸር ቫሪያብል ሲያገኝ ለፍጥነት ብሎ በ32 አላይን ያደርገዋል። አልጠየቅኸውም፣ መብቱ ግን ነው። እሱ የሚያውቀው ብቻውን የቆመ ቫሪያብል ነው። አንተ በልብህ አሬይ እንዳደረግኸው አያውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው 0 ላይ፣ ሁለተኛው 64 ላይ፣ ሦስተኛው 128 ላይ ተቀመጠ። መጨረሻው 168 ሆነ። 168 ለ40፣ 4 ከምናምን። አራትህ ከዚህ መጣ።

ቁጥሩ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ሉፕህ ሁለተኛውን ድራይቨር 40 ላይ ነው የሚያነበው። ከ40 እስከ 64 ያለው ባዶ ነው፣ ዜሮ። የስትራክቸርህ የመጀመሪያ ፊልድ የማስጀመሪያ ፋንክሽኑ ፖይንተር ስለሆነ ዜሮ አድራሻ ጠራህ ማለት ነው። ፔጂንጉን ስታስተካክል የሚቀጥለው ክራሽህ ይኼ ነበር።

እዚህ ላይ ስትራክቸሩ ላይ የአላይንመንት አትሪቢዩት እየለጠፉ መጨቃጨቅ ይቻላል። አልመክርህም። በአንዱ የኮምፓይለር ቨርሽን ይሠራል፣ በሌላው ይከዳሃል። ሊኑክስም በዚህ ተሰቃይቷል። የሊንከር ስክሪፕቱ የጋራ ፋይል ውስጥ ጂሲሲ 4.5 ለስትራክቸር የሚጠቀመውን 32 ባይት ተከትለው አላይን እንዳደረጉ የሚናገር ኮሜንት አለ። ትሬስፖይንት የሚባሉት (የከርነሉ መከታተያ ነጥቦች) ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 መፍትሔውን ቀየሩት፦ ሴክሽኑ ውስጥ ስትራክቸሮቹን ሳይሆን ወደ እነሱ የሚያመለክቱ ፖይንተሮችን አስቀመጡ። አንተም ይኼንኑ አድርግ። ስትራክቸሩ የትም ይቀመጥ፣ 32 ይሁን 64 ግድ የለህም። ሴክሽኑ ውስጥ የሚገባው 8 ባይት ፖይንተር ብቻ ነው፣ ፖይንተርን ደግሞ ከ8 በላይ አላይን የሚያደርገው የለም። ሦስት ድራይቨር፣ 24 ባይት፣ ለ8 ሲካፈል 3። የመጀመሪያና የመጨረሻ ሲምቦሎቹን አሁንም ቅንፍ ውስጥ፣ ከ8 አላይን በኋላ። እዚህም «ኪፕ» አትርሳ፣ አለበለዚያ ያልተጠራ ሴክሽን የሚጥለውን አማራጭ ያበራህ ቀን ድራይቨሮችህ ዜሮ ይሆናሉ።

ሁሉንም ካስተካከልህ በኋላ ዓይንህን አትመን፣ ሊንከሩ ራሱ ይጠብቅህ። ስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ «አሰርት» የሚባለውን ተጠቀም። የሮዳታ መጀመሪያ ከ4095 ጋር በቢት «ኤንድ» ሲደረግ ዜሮ ካልሆነ ሊንክ አይደረግ፣ በቃ። ለቴክስት፣ ለዳታ፣ ለቢኤስኤስም አንድ አንድ ጻፍ። የሲምቦል ዝርዝሩን በአድራሻ ቅደም ተከተል አውጣና እየው፣ የድንበር ሲምቦሎች በሄክስ በሦስት ዜሮ ማለቅ አለባቸው። ሪድኤልፍ የሚባለው መሣሪያ የሚያወጣልህን የሴግመንት ዝርዝርም እየው፦ አንድ ሴግመንት የሚነበብም፣ የሚጻፍበትም፣ ራን የሚደረግም ከሆነ ኮድህና ዳታህ አንድ ሴግመንት እየተጋሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ቢንዩቲልስ (ሊንከሩ ያለበት የመሣሪያ ጥቅል) 2.39 ወዲህ ሊንከሩ ራሱ ስለዚህ ያስጠነቅቃል። ብዙ ሰው ማስጠንቀቂያውን የሚያጠፋ ፍላግ ፈልጎ ይለጥፋል። ያንተም ሜክፋይል ውስጥ አየሁት። አውጣው።

የመጨረሻው ፈተና ይህ ነው። ፔጂንጉ ከበራ በኋላ ሆን ብለህ ሮዳታ ላይ አንድ ባይት ጻፍ። ኮምፓይለሩ እንዳያጠፋብህ በአሴምብሊ አድርገው። ቁጥር 14 ፎልት በስህተት ኮድ 3 ከመጣ፣ ማለት «ፔጁ አለ፣ መጻፍ ግን ክልክል ነው» ካለ፣ ድንጋዩ ቦታው ላይ ነው። ዝም ብሎ ካለፈ ደግሞ ወደ ስክሪፕቱ ከመሮጥህ በፊት ሲአር0 የሚባለው የፕሮሰሰሩ ሬጅስተር ላይ ቢት 16ን እይ። እሷ ካልበራች ከርነሉ «ይነበብ ብቻ» የተባለ ፔጅ ላይም እንዳሻው ይጽፋል፣ ፕሮሰሰሩም አይናገረውም።